የመለዋወጫ ዕቃ ታሪክ፤ ባዕድ ክፍል ስለ ምን ይገጥማል?

(ከ12ኛ ክፍል ተማሪ)



ይህ የበዓል መታሰቢያ መጽሔት ሊዘጋጅ በታሰበ ጊዜ አዘጋጆቹ የቀድሞ ተማሪዎችንና መምህራንን ፎቶግራፍ ፍለጋ ወደ ቤተ መጻሕፍታችን ሄዱ። ያገኙት ግን የፎቶግራፍ ጥራዝ ሳይሆን በአንዲት የካርቶን ሣጥን ውስጥ የተደረደሩ 11 ዲስኮች ነበሩ። በእነዚህም ውስጥ ከእኛ በፊት የተመረቁት ልጆች፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ መምህራን፣ የፈረሰው የአሮጌው አዳራሽ መልክ ሳይቀር ተቀምጦ ይገኛል ተባለ። ይሁን እንጂ ዲስኮቹን የሚያነብ መሣሪያ ጠፋ። አዳዲሶቹ ኮምፒውተሮች የዲስክ ማስገቢያ የላቸውም፤ ማስገቢያ ያለው አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ዲስኩን ይቀበልና ጥቂት ካጉረመረመ በኋላ ምንም እንዳልተሰጠው ሆኖ ዝም ይላል።

ነገሩን እንዳስተካክል የታዘዝሁት እኔ ስለ ነበርሁ ወደ መርካቶ ወረድሁ። ለዚያ ላፕቶፕ ተብሎ የተሠራው የዲቪዲ ድራይቭ፣ በሰፈሩ አነጋገር «ሲዲ ሮም» የሚባለው፣ ከገበያ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። ባለሱቁ ግን ከመደርደሪያው የሌላ ፋብሪካ ሥራ የሆነ አንድ አወጡና ውፍረቱን በማስመሪያ ለክተው ሰጡኝ። «ጋሼ፣ ይህ ኦሪጅናል ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ኦሪጅናሉማ ከወዴት ይመጣል ልጄ? አንተ መግጠሙን ብቻ እይ» አሉኝ።

እውነትም ገጠመ። የላፕቶፑን ባትሪ አውጥቼ፣ ከሆዱ በኩል ያለችውን አንዲት ብሎን በትንሽ ካቻቢቴ ፈትቼ፣ አሮጌውን ስቤ ካወጣሁ በኋላ አዲሱን ብሰደው ቀጭ ብሎ ገባ፤ ኮምፒውተሩም ሲነሣ ማንም ሳይነግረው ዐወቀው። ያልገጠመው ፊቱ ብቻ ነው። የአሮጌው የፊት ሽፋን እንደ ላፕቶፑ ጎን ጎበጥ ብሎ የተሠራ ነበር፤ የአዲሱ ግን ቀጥ ያለ ስለ ሆነ ዳሩ ወደ ውጭ አፈንግጦ ቀረ። የአሮጌውን ሽፋን ነቅዬ በአዲሱ ላይ ልሰካው ብሞክርም መያዣ ጥርሶቹ በሌላ በሌላ ቦታ ያሉ ስለ ሆኑ እምቢ አለኝ።

በዚያች ማታ ይህ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። ላፕቶፑን የሠሩትና ይህን ድራይቭ የሠሩት ሰዎች ምናልባት ተያይተው አያውቁም። ታዲያ ጀርባው እንዲህ በትክክል ሲገጥም ፊቱ ያልገጠመው ስለ ምንድን ነው? መልሱን ስፈልግ ያገኘሁት ታሪክ ከኮምፒውተር እጅግ ርቆ በጠመንጃ የሚጀምር፣ በእሳት ቃጠሎም የሚያልፍ ሆነብኝ። ከዚህ በታች የሚነሡት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«መለዋወጫ» የሚለው ቃላችን ራሱ ነገሩን አሟልቶ ይናገራል፤ አንዱ በሌላው ስፍራ ሊለወጥ የሚችል ማለት ነውና። ከ250 ዓመት በፊት ግን ዕቃው ይቅርና ሐሳቡም ለብዙ ሰው እንግዳ ነበር። በዚያ ዘመን ጠመንጃ ሠሪ እያንዳንዱን ብረት በሞረድ እየፋቀ፣ ከጎረቤቱ ብረት ጋር እያስተያየ፣ እስኪስማማ ድረስ ይደክምበት ነበር። ከዚህም የተነሣ በአንድ ቀን በአንድ እጅ የተሠሩ ሁለት ጠመንጃዎች እንኳ ክፍላቸው ቢለዋወጥ አይገጥምም። በጦር ሜዳ አንዲት ሞላ የተሰበረችበት ወታደር፣ ጠመንጃ ሠሪ እስኪያገኝ ድረስ የያዘው ዱላ ነው።

ይህን ለመለወጥ ከተነሡት ሰዎች አንዱ ኦኖሬ ብላን የተባለው ፈረንሳዊ ነው። ከእርሱ አስቀድሞ ጄኔራል ግሪቦቫል ከ1765 ጀምሮ የፈረንሳይ መድፎችና የመድፍ ሠረገላዎች በአንድ ልክ እንዲሠሩ ሥርዐት አቁሞ ነበርና፣ ብላን ይህንኑ ሐሳብ ወደ ጠመንጃ አመጣው። በ1785 በፓሪስ የአሜሪካ መልእክተኛ የነበረውና ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ቶማስ ጀፈርሰን ሊጎበኘው በሄደ ጊዜ፣ ብላን ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን የጠመንጃ ክፍል የ50 ጠመንጃዎች ፈታትቶ፣ ብረቱን በየዓይነቱ ለይቶ ደርድሮ አቀረበለት። ጀፈርሰንም ሳይመርጥ እጁ የደረሰበትን እያነሣ ብዙዎቹን በገዛ እጁ ገጣጠማቸው፤ ሁሉም ያለ እንከን ገጠሙ። ይህንንም በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ለአገሩ የውጭ ጉዳይ ኀላፊ ለጆን ጄይ በደብዳቤ አስታወቀ። አንድ የመንግሥት መልእክተኛ እጅጌውን ሰብስቦ ብረት ሲያገጣጥም በዐይነ ሕሊናዬ ሳየው ደስ ይለኛል።

ብላን ግን በገዛ አገሩ ብዙ አልቀናውም። ጠመንጃ ሠሪዎቹ፣ በዕድሜ ልክ የተማሩት ጥበብ በአንድ የብረት መለኪያ እንዳይተካባቸው ፈርተው ተቃወሙት። እርሱ በ1801 ከሞተ በኋላም የፈረንሳይ መንግሥት አሠራሩን ተወው። በእነዚያ ጠመንጃ ሠሪዎች መፍረድ ቀላል ነው፤ ነገር ግን እንጀራቸው በሞረዱ ጫፍ ላይ እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም።

ብዙ መጻሕፍት ከዚህ ቀጥለው የሚያመሰግኑት በጥጥ መዳመጫ መኪናው የታወቀውን አሜሪካዊ ኢላይ ዊትኒን ነው። ዊትኒ በ1798 10,000 ጠመንጃ በ2 ዓመት ሠርቶ ለማስረከብ ከመንግሥቱ ጋር ተዋዋለ፤ አስረክቦ የጨረሰው ግን በ1809 ነው። ገና በመዘግየቱ ሲታማ፣ በ1801 በዋሽንግተን በታላላቅ ሹማምንት ፊት ክፍሎቹን እያቀያየረ ቢገጣጥም ያየው ሁሉ ተደነቀ። ይሁን እንጂ የኋላ ዘመን ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ የቆዩትን የዊትኒን ጠመንጃዎች ፈትተው ቢመረምሩ፣ ክፍላቸው እርስ በርሱ የማይለዋወጥ ሆኖ አገኙት። እንግዲህ በዚያ ቀን የታየው ለዚያ ቀን ተብሎ የተመረጠ ነበር ማለት ይቻላል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ጥቂት ከፋኝ፤ ስሙን በፈተና ላይ እንደ ትክክለኛ መልስ አድርጌ ጽፌዋለሁና።

ሥራውን በእውነት የፈጸመው ስሙ ያን ያህል ያልተነሣው ጆን ሆል ነው። ሆል በሃርፐርስ ፌሪ በሚገኘው የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ለእያንዳንዱ ክፍል የብረት መለኪያ አበጀ፤ በመለኪያው ያላለፈ ብረት ይጣላል። በ1827 የተላኩት መርማሪዎች፣ ክፍሎቹ ያለ ሞረድ እንደሚለዋወጡ መሰከሩለት። ከዚያም ኮኔቲከት በሚባለው ሩቅ ስቴት የሚኖረው ሲሚዮን ኖርዝ ያንኑ ጠመንጃ እንዲሠራ ታዘዘና፣ በ1834 የሁለቱ ፋብሪካዎች ሥራ እርስ በርሱ ሊለዋወጥ ቻለ። ለእኔ የታሪኩ ማጠፊያ ይህ ነው። አንድ ፋብሪካ የራሱን ዕቃ ከራሱ ዕቃ ጋር ማስማማቱ አንድ ነገር ሲሆን፣ በሌላ ከተማ በሌላ ሰው እጅ የተሠራ ዕቃ መጥቶ መግጠሙ ግን ሌላ ነገር ነው። እኔ በመርካቶ የገዛሁት ድራይቭ የዚህ የሁለተኛው ነገር ልጅ ነው።

ከጠመንጃ ወደ ብሎን እንለፍ። በእንግሊዝ አገር ጆሴፍ ዊትዎርዝ ከየፋብሪካው ብሎን ሰብስቦ ቢያስተያይ የአንዱ ጥርስ ከሌላው የማይስማማ ሆኖ ስላገኘው፣ መካከለኛውን ልክ ወስዶ በ1841 የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። አሜሪካዊው ዊልያም ሴለርስ ደግሞ በ1864 በፊላዴልፊያ፣ 60 ዲግሪ ለመሥራት ይቀልላል ብሎ ሌላ ሐሳብ አመጣ። ሁለቱም ትክክል ነበሩ፤ ጉዳቱም ከዚህ መጣ። በ2ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንድ ወገን ሆነው የተሰለፉት እንግሊዞችና አሜሪካኖች ያንዱ ብሎን በሌላው ዳዶ አልገባ ብሏቸው ብዙ ተቸገሩ። በመጨረሻም አሜሪካ፣ እንግሊዝና ካናዳ በ1948 በ60 ዲግሪ ተስማሙ። ያ 5 ዲግሪ 84 ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

ነገር ግን አለመግጠም ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው የባልቲሞር ከተማ ቃጠሎ ነው። እሑድ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1904 በከተማይቱ የንግድ ሰፈር በአንድ የዕቃ ቤት ውስጥ እሳት ተነሣ፤ ነፋሱም እየገፋው ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ተሸጋገረ። የከተማይቱ እሳት አጥፊዎች ብቻቸውን ስላልቻሉት ወደ ጎረቤት ከተሞች በቴሌግራም ጮኹ። ዋሽንግተን ቅርብ ነበረችና የእሳት ማጥፊያ ሞተሮቿ ከነሰዎቻቸው በባቡር ተጭነው ፈጥነው ደረሱ። ከፊላዴልፊያና ከኒውዮርክም መጡ። ውሃው በየመንገዱ ቧንቧ ውስጥ አለ፤ ጎማው በሰዎቹ ትከሻ ላይ አለ፤ የሚቃጠለው ሕንፃ በፊታቸው አለ። ነገር ግን የብዙዎቹ ጎማ አፍ ከባልቲሞር ቧንቧ አፍ ጋር አልገጥም አለ፤ ጥርሱም ስፋቱም የተለያየ ነበርና። አንዳንዶቹ በሸራ ጠምጥመው ለማያያዝ ቢሞክሩም ውሃው በጎን እየፈነጠቀ ጉልበቱ አለቀ። እሳቱ 30 ሰዓት ያህል ነድዶ ከ1,500 በላይ ሕንፃዎችን በላ።

ከዚያ በኋላ የአሜሪካ የመለኪያና የደረጃ መሥሪያ ቤት በአገሩ ውስጥ ያሉትን የጎማ ማያያዣዎች ቢሰበስብ ከ600 የሚበልጥ ዓይነት ተገኘ። በ1905ም ለአገሩ በሙሉ አንድ ልክ ወጣ። ልክ ማውጣትና በልኩ መሥራት ግን ለየብቻ ናቸው። በኦክቶበር 1991 በካሊፎርኒያ በኦክላንድ ኮረብታዎች ላይ ቃጠሎ ተነሥቶ 25 ሰዎች ሲሞቱ፣ ለርዳታ የመጡት ጎረቤቶች የያዙት ማያያዣ 2 ተኩል ኢንች፣ የኦክላንድ ቧንቧ አፍ ግን 3 ኢንች ሆኖ ተገኘ። ከባልቲሞር 87 ዓመት በኋላ፣ በዚያው አገር!

ወደ ዲስኩ ልመለስ። የሆላንዱ ፊሊፕስና የጃፓኑ ሶኒ የሙዚቃ ዲስክ ለየብቻ ሊሠሩ ጀምረው ነበር፤ ለየብቻም ቢቀጥሉ ኖሮ የአንዱ ዲስክ በሌላው ማጫወቻ አይሠራም ነበር። እነርሱ ግን ተገናኝተው በመምከር በ1980 ተስማሙ፤ የዲስኩ ስፋት 120 ሚሊሜትር፣ የመካከሉ ቀዳዳ 15 ሚሊሜትር ሆነ። የመጀመሪያው ማጫወቻ በ1982 በጃፓን ለገበያ ዋለ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ዲቪዲ ጨረሩ ቢለወጥም ስፋቱንና ቀዳዳውን አልለወጠም። በሣጥናችን የተገኙት 11 ዲስኮች ሁሉ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች የታነጹ ናቸው።

ላፕቶፕ በተስፋፋ ጊዜ ደግሞ ድራይቩ መቅጠን ነበረበት። ውፍረቱ አስቀድሞ 12.7 ሚሊሜትር፣ ኋላም 9.5 ሚሊሜትር የሆነ ተለመደ፤ ባለሱቁ በማስመሪያ የለኩት ይህንኑ ነው። የጀርባው መሰኪያም በአሮጌው ሥርዐት 50 እግር ነበረው፤ ሳታ የሚባለው አዲሱ ሥርዐት ከመጣ ወዲህ ግን 13 ብቻ ሆነ፤ 7ቱ መልእክት፣ 6ቱ ኤሌክትሪክ ያመላልሳሉ። በአሮጌው ሥርዐት ድራይቩ ጌታ ወይም ሎሌ ተብሎ አስቀድሞ መመደብ ነበረበትና፣ አንዳንዱ ባዕድ ድራይቭ በአካሉ ገጥሞ ሳለ ምደባው ስላልተስማማ ብቻ ኮምፒውተሩ አያየውም ነበር። የእኛ ላፕቶፕ ከዚህ ችግር በኋላ የተሠራ መሆኑ በጀን።

እዚህ ላይ «ኦሪጅናል» ስለምንለው ቃል አንድ ነገር ማለት እወዳለሁ። አብዛኞቹ የላፕቶፕ ፋብሪካዎች ድራይቩን ራሳቸው ሠርተው አያውቁም። ሂታቺና ኤልጂ በጋራ ካቋቋሙት፣ ቶሺባና ሳምሰንግ በጋራ ካቋቋሙት ኩባንያ፣ እንደ እነርሱም ካሉ ጥቂት ሠሪዎች እየገዙ፣ ፊት እያበጁለትና የራሳቸውን ቁጥር እየለጠፉበት ያስገቡት ነበር። ስለዚህ «ኦሪጅናል» የተባለውና «ያልሆነው» አንዳንዴ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። የሰው ስም ሰርቆ የሚሸጠው ፎርጅድ ግን ሌላ ነው፤ እርሱ ውሸት ነው። በራሱ ስም የተሠራ የሌላ ፋብሪካ ዕቃ ውሸት አልተናገረም። ይህን ስል ሁሉም ባዕድ ዕቃ መልካም ነው ማለቴ አይደለም፤ የጎደለው ባትሪ ቢሆን ኖሮ፣ ባትሪ እሳት ሊያስነሣ ይችላልና፣ እንዲህ በድፍረት አልገዛም ነበር።

ዕቃው ቢገጥምስ መግጠም ተፈቅዶለታልን? ይህም ጥያቄ በፍርድ ቤት ተከራክረውበታል። በእንግሊዝ አገር ብሪቲሽ ሌይላንድ የተባለው የመኪና ኩባንያ ሞሪስ ማሪና የምትባል መኪና ይሠራ ነበር። አርምስትሮንግ የሚባል ሌላ ኩባንያ ለዚህች መኪና የሚሆን ማርሚታ አስመስሎ ሠርቶ ቢሸጥ፣ የማርሚታው ንድፍ የእኔ ነው ተብሎ ተከሰሰ። በሥር ፍርድ ቤቶች ተረታ፤ በ1986 ግን ጉዳዩ ወደ ሎርዶች ምክር ቤት ደርሶ ፍርዱ ተገለበጠ። ሎርዶቹ የተመለከቱት የሁለቱን ኩባንያዎች ጠብ ብቻ ሳይሆን፣ በመካከል ያለውን የመኪናውን ባለቤት ነው፤ መኪና የገዛ ሰው መኪናውን የማሳደስ መብት አለው፤ ማርሚታውም ባረጀ ቁጥር ለአንድ ሻጭ ብቻ እንዲገብር ሊገደድ አይገባውም አሉ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በ1988 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ ነገሩን ከፋፍሎ አስቀመጠው። ያለ ምዝገባ ከሚጠበቀው የንድፍ መብት ሁለት ዓይነት ቅርጽ አወጣ፤ አንደኛው ዕቃው ከሌላ ዕቃ ጋር ተገናኝቶ እንዲሠራ የግድ የሚያስፈልገው ቅርጽ ሲሆን፣ ሁለተኛው የአንድ ሙሉ ዕቃ አካል ሆኖ መልኩ እንዲስማማ የግድ የሚያስፈልገው ቅርጽ ነው። ይህን ሳነብ በጠረጴዛዬ ላይ ያለው ላፕቶፕ ታየኝ፤ አንደኛው ጀርባው፣ ሁለተኛው ፊቱ ነውና። በአሜሪካም በ1975 የወጣ ሕግ፣ ፋብሪካ የራሱን መለዋወጫ ካልገዛችሁ ዋስትናችሁ ይቀራል እንዳይል ይከለክላል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2024 ባወጣው የጥገና መብት መመሪያ፣ አምራቾች ያለ በቂ ምክንያት ጠጋኞች የሌላ ፋብሪካ መለዋወጫ እንዳይጠቀሙ ማሰናከል እንደማይገባቸው ደንግጓል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዬ ስመለስ፣ ጀርባው የገጠመው ብዙ ሰዎች ተቀምጠው ስለ መከሩበት ነው። ስለ ፊቱ ግን የመከረ ማንም የለም፤ እያንዳንዱ ፋብሪካ ላፕቶፑ ከሌላው ተለይቶ እንዲታወቅለት ፈልጎ ጎኑን እንደ ወደደው አጎበጠው። ለአንድ ሞዴል ብቻ የሚሆን ፊት ሠርቶ ማን ያተርፋል? የማይገጥም ነገር ደግሞ በዐይን የሚታየው ብቻ አይደለም። ለሽያጭ የሚወጡ የፊልም ዲቪዲዎች ዓለምን በክልል ከፋፍለው የተቆለፉ ሲሆኑ፣ አገራችን የምትገኘው በ5ኛው ክልል ነው፤ ድራይቩም ክልሉን ከ5 ጊዜ በላይ እንዳይለውጥ ተደርጎ ተሠርቷል። ይህን ቁልፍ የፈለሰፉት የቴክኒክ ችግር አስገድዷቸው ሳይሆን ገበያን ለመከፋፈል ሲሉ ነው። ደግነቱ የትምህርት ቤታችን ዲስኮች እዚሁ የተቀረጹ ስለ ሆኑ ምንም ክልል የላቸውም።

አሁን ደግሞ ማስገቢያው ራሱ ከላፕቶፕ ጎን እየጠፋ ነው። አፕል በ2008 ማክቡክ ኤር የተባለውን ያለ ዲስክ ማስገቢያ አወጣ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ዲስኩ በቤታችን ሣጥን ውስጥ አለ፤ የሚያነብለት ግን እያነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ያንን ድራይቭ በገጠምሁ ጊዜ ቸኩዬ ነበር፤ ዲስኮቹን ሁሉ በተከታታይ ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ እየተቀመጥሁ ወደ ሌላ ማስቀመጫ ገለበጥሁ። ከ11ዱ 9ኙ ተነበቡ። አንዱ የላይኛው ሽፋኑ ተላጦ ስለ ነበር አልሆነም፤ አንዱን ደግሞ ድራይቩ ደጋግሞ ሞክሮ ተወው፤ በላዩ በእስክሪብቶ የተጻፈበት «አሮጌው አዳራሽ» የሚል ነው። ከሌሎቹ የተገኙት የመምህራንና የተመራቂዎች ፎቶግራፎች ግን በዚህ መጽሔት በሌሎቹ ገጾች ታትመዋል።

ላፕቶፑ ዛሬ በቤተ መጻሕፍቱ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። ያፈነገጠው ፊት የሰው ልብስ እየያዘ ስላስቸገረ ነቅዬ ጣልሁት፤ በቀረው ክፍተትም አቧራ እንዳይገባ የቤተ መጻሕፍቱ ኀላፊ ከደብተር ልባስ ላይ በልኩ ቆርጠው ለጥፈውበታል። ዲስክ ሲወጣ ያች የደብተር ልባስ አብራ ትወጣለች፤ ሲገባም አብራ ትገባለች።